ጠበሉን ቤንዚን ነው ብለው አሸተቱት፣ ስልኬንም አዩት። እምቢ ማለት ይቻል ነበር?

የሐይቅ ዳር ልጅ
ሰኞ፣ ጠዋት 2:15

እንዴት አደራችሁ። ለጾሙም እንኳን አደረሳችሁ። ትናንት ማታ የገጠመኝን ልጻፍና ሕግ የምታውቁ ንገሩኝ።

ትናንት እሁድ የካቲት 16 ነበር፤ የቅበላው ቀን። እናቴ በየዓመቱ ኪዳነ ምሕረትን ዘጌ ሄዳ ነው የምታነግሠው፤ ኡራ። ጠዋት መኪናዋን ጀልባዎቹ የሚነሡበት አካባቢ አቁመን በጀልባ ሄድን። መኪናዋ የአጎቴ ናት፤ አሮጌ ኮሮላ። ስንመለስ ጀልባው ዘገየብን። ባሕር ዳር ስንደርስ 1 ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ጨልሟል። እናቴ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ጠበል፣ አንድ ማዳበሪያ ጌሾና ትንሽ የዘጌ ቡና ይዛለች። ሁሉንም ከኋላ ጫንነው።

ከሐይቁ ዳር ወጥተን ገና ዋናው መንገድ ሳንገባ የእጅ ባትሪ ብልጭ አለብን። ሁለት ፖሊሶች ናቸው። አንዱ ልጅ እግር፣ ሌላው ጠና ያለ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ መታወቂያ ተባልኩ። ሰጠሁ። ሊብሬው በአጎቴ ስም ነው፤ ያውም ኮፒ።

«መኪናዋ የማን ናት?»
«የአጎቴ።»
«አጎትህ የት ነው?»
«ቤቱ።»

መልሴ ራሴን አሳቀኝ። እሱ አልሳቀም። «ውረድ። የኋላውን ክፈት።»

ከፈትኩ። ልጅ እግሩ ጀሪካኑን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ፓርላማ የነዳጁን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ቤንዚን በጀሪካን ይዞ መገኘት ምን እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ። ክዳኑን ፈታው። እናቴ እንዳይፈስ ብላ ክዳኑ ሥር ፌስታል አድርጋበታለች። ያቺን ፌስታል በሁለት ጣቱ ጎትቶ አወጣትና አፍንጫውን አስጠጋ። አሸተተ። አላመነም። ደግሞ አሸተተ። ጣቱን ሊነክር ሲል እናቴ ከፊት ወንበር ወርዳ ደርሳለች።

«ልጄ፣ ጠበል እንዲህ በጣት አይነካም። እጆችህን ግጠማቸው፣ እኔ ላፍስስልህ።»
«ሙስሊም ነኝ እማማ» አላት ወደ መሬት እያየ።
«ታዲያ ጤና ለሙስሊም አይሆንም ያለህ ማነው?»

አልጠጣም። ክዳኑን ግን ራሱ መልሶ ገጠመው። ፌስታሏ እጁ ላይ ቀረች።

እስከዚህ ደግ ነው። ማዳበሪያው ውስጥ እጁን እስከ ክንዱ ሰዶ ጌሾውን አመሰው። ስኮርት ጎማውን አነሳ። ወንበር ሥር አየ። ይህ ሁሉ አልከፋኝም። የከፋኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ጠና ያለው ሰውዬ ስልኬን አየ። ጋለሪ ገባ፣ ቴሌግራም ገባ። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን አንድ ሰዓት የሞላ መሰለኝ። አንዲት ልጅ የላከችልኝ ፎቶ ላይ ቆም ብሎ «ይቺ ማናት?» አለኝ። እናቴ አጠገቤ ቆማለች። «እጮኛዬ» አልኩ። ከዚያ መለሰልኝ። «በሉ ሂዱ፣ አታምሹ።»

ጥያቄዬ ይኸው ነው። መኪናውንም ስልኩንም አላስፈትሽም ብል ምን ይመጣ ነበር?

ባለ ሦስት እግር
ሰኞ፣ ጠዋት 2:40

አላስፈትሽም ብትልማ ጾሙን እዚያው ነበር የምትጀምረው።

ባጃጅ ስነዳ ስድስት ዓመቴ ነው። በቀን ሁለቴ ሦስቴ የምፈተሽበት ጊዜ ነበር። ሕጉን የሚያውቁት ይንገሩህ፤ እኔ የማውቀውን ልንገርህ። ማታ ባትሪ ስታይ ወዲያው ፍጥነት ቀንስ። ረዥሙን መብራት አጥፋ፣ የውስጡን አብራ። ሞተር አጥፋ። እጅህ መሪው ላይ ይሁን። ወረቀት ለማውጣት ዝም ብለህ ዳሽቦርድ ውስጥ አትግባ፤ «ላወጣ ነው» በልና አውጣ። ሰውዬው የሚያየው እጅህን ነው እንጂ ፊትህን አይደለም። የሰው መኪና ስትይዝ ደግሞ ባለቤቱ ስልክ የሚያነሳ ሰው ይሁን። አጎትህ ያነሳሉ?

እኔን አንድ ቀን የኋላ ወንበሬን ነቅለው አዩት። ምንም የለም። «ሂድ» አሉኝ። ወንበሩን ማን ይግጠመው? አንዱ ብሎን ጠፋ። አስፋልት ላይ ተንበርክኬ በስልኬ መብራት ስፈልግ ተሳፋሪዬ ሌላ ባጃጅ ይዛ ሄደች። ሂሳቧንም አልከፈለችኝ። ያ ወንበር እስከ ዛሬ በሽቦ ነው የታሰረው።

ቆሮሶ
ሰኞ፣ ጠዋት 3:05

እኔ ያሳሰበችኝ እጮኛህ ናት። እናትህ ከዚያ በፊት ያውቋት ነበር?

የሐይቅ ዳር ልጅ
ሰኞ፣ ጠዋት 3:09

አታውቃትም ነበር። ቤት እስክንገባ ድረስ የጠየቀችኝ ጥያቄ ከፖሊሱ ይብሳል።

መዝገብ ቤት
ሰኞ፣ ቀን 7:30

ጠበቃ አይደለሁም፤ ፍርድ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። እንደዚያ አድርጋችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ቃሉን እንለይ። እኛ ሁሉንም ፍተሻ እንላለን። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ደንብ ያወጣለት ግን ብርበራ ለሚለው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የማንም ሰው ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር የተጠበቀ ነው ይላል። መኪናም ንብረት ነው። ይኸው አንቀጽ በንዑስ 3 በር ይከፍታል። አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ዝርዝር ሕግ ሲኖር፣ ለብሔራዊ ደኅንነት፣ ለሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን ለመከላከልና ለመሳሰሉት መብቱ ሊገደብ ይችላል። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። አስገዳጅ ሁኔታ ነው ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሕጉን ማሳየት ያስፈልጋል።

ዝርዝር ሕግ ሲባል መጀመሪያ የሚነሣው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። አንቀጽ 32 የተያዘ ሰውም ሆነ ቤት ያለ ብርበራ ማዘዣ አይበረበርም ብሎ ይነሣና ልዩ ሁኔታዎቹን ያስቀምጣል። የተያዘ ሰው ለጉዳዩ ማስረጃ የሚሆን ነገር በላዩ ላይ ደብቋል ተብሎ ሲጠረጠር ይፈተሻል። ቤት ደግሞ ፖሊስ የሚያባርረው ሰው ከገባበት፣ ወይም ከሦስት ዓመት በላይ ለሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ዕቃ እዚያ አለ የሚል ጥቆማ መጥቶ ማዘዣ እስኪወጣ ዕቃው ይሸሻል ተብሎ ከታመነ ያለ ማዘዣ ሊበረበር ይችላል።

አሁን አስቡት። 1954 ዓ.ም. ባሕር ዳር ስንት መኪና ነበር? አንቀጹ የሚያወራው ስለ ሰውና ስለ ቤት ነው። መኪናን ለብቻው አይጠራም። በሕጉ ውስጥ ኮሮላ የሚቆምበት ቦታ ጠፍቶ ስልሳ ዓመት አለፈ። ትራፊክ ፖሊስ መንጃ ፈቃድ፣ ቦሎና ሦስተኛ ወገን ማየቱ ሌላ ነው፤ እሱ የራሱ ሕግ አለው። ጉምሩክም ኮንትሮባንድ ሲጠረጥር የራሱ ሥልጣን አለው።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን የምታነሡ ትኖራላችሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ለስድስት ወር ታወጀ፣ በጥር 2016 አራት ወር ተጨመረበት። ያኔ ያለ ማዘዣ መበርበር ይቻል ነበር። አዋጁ ካለቀ ቆየ። ልማዱ አላለቀም።

ስልኩ የባሰ ነው። አንቀጽ 26 ንዑስ 2 ማስታወሻህ፣ ደብዳቤህ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የምታደርገው ግንኙነት አይደፈርም ይላል። መኪናው ላይ ልንከራከር እንችላለን። ቴሌግራም ላይ የምንከራከርበት ነገር አይታየኝም።

ሲፈተሽ ከመኪናው አትራቁ። አጠገቡ ቆማችሁ እዩ። ዕቃ ከወሰዱ «ዝርዝሩ ይጻፍልኝ» በሉ፤ ሕጉ ራሱ የተያዘ ዕቃ ይመዝገብ፣ ከተቻለም ገለልተኛ ሰው ይፈርምበት ይላል። አልፎ ተርፎ ከተያዛችሁ ደግሞ ምክንያቱ በሚገባችሁ ቋንቋ ሊነገራችሁ፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ልትቀርቡ ይገባል። አንቀጽ 19 ነው። የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም።

የክሩ ጠባቂ
ሰኞ፣ ቀን 8:10

ማሳሰቢያ። የፖሊስ ስም፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ ፍተሻው ያለበትን ትክክለኛ ቦታ አትጻፉ። ሁለት መልስ አጥፍቻለሁ።

እምቦጭ ነቃይ
ሰኞ፣ ማታ 1:20

ስለ ሴቶች ማንም አላነሳም፤ እኔ ላንሳ።

አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከመመረቁ በፊት ነው፤ እሱ የተመረቀው ግንቦት 2016 ነው። በሚኒባስ ከጎንደር እየመጣን በአሮጌው ድልድይ በኩል ወደ ከተማ ልንገባ ስንል አስቆሙን። «ወንዶች ውረዱ!» ሁሌም እንደዚህ ነው። ወንዶቹ መታወቂያቸውን ይዘው ተሰለፉ፣ እኛ ተቀመጥን። ከዚያ ቦርሳ ተባለ። ሰጠሁ። ሞዴስ፣ ቻርጀር፣ ግማሽ ዳቦ። ሞዴሱን ሲያይ ቦርሳውን በፍጥነት ዘጋው፤ እሱ እንኳን አሳቀኝ። ቀጥሎ ሰውነቴን ሊፈትሽ እጁን ሲዘረጋ «ሴት ፖሊስ ጥራልኝ» አልኩት። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«የለችም።»
«እጠብቃታለሁ።»

ፖሊሱ ዝም አለ። የጮኸብኝ ተሳፋሪው ነው። «በቃ አስፈትሺና እንሂድበት፣ መሸብን እኮ!» አለ አንዱ፤ ያውም ወንበሩን ለእኔ ለቆልኝ የነበረ ሰው። እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ከኋላ አንዲት ነጠላ ያጣፉ አሮጊት «እኔም እጠብቃለሁ፣ ምን ያስቸኩለኛል?» አሉ። ፖሊሱ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ በሩን ጎትቶ ዘጋው። «ሂድ!» አለው ሾፌሩን።

ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መዝገብ ቤት
ሰኞ፣ ማታ 1:34

እህቴ፣ ልክ ነበርሽ። አንቀጽ 32 ራሱ የተያዘን ሰው የሚፈትሽ ሰው ተመሳሳይ ፆታ ይሁን ይላል። ካልተያዘ ሰው ላይማ እንዴት አይሆን?

ናፍቆት በሜሪላንድ
ሰኞ፣ ማታ 4:50

«አሜሪካ ብሆን ኖሮ» የምትሉት ነገር ስላለ የእዚህን ልጨምር። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

የሕገ መንግሥታቸው አራተኛ ማሻሻያ ያለ በቂ ምክንያት አትበርብር ይላል። መኪናን ግን ከቤት ለይተው ካስቀመጡት 100 ዓመት ሆነው። መጠጥ የተከለከለበት ዘመን ነበር። ካሮል የሚባል ሰው የመኪናውን ወንበር ቀደው ውስጡ የተደበቀ አልኮል አገኙበት። በ1925 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መኪና ማዘዣ እስኪመጣ ቆሞ ስለማይጠብቅ በቂ ምክንያት ካለ ያለ ማዘዣ ይፈተሻል አለ። ዛሬም የሚሠሩበት በዚሁ ነው። ምክንያት ከሌለው ፖሊሱ «ልይ?» ብሎ ይጠይቅሃል። እሺ ካልክ አለቀ። እምቢ ማለት እንደምትችል ሊነግርህ ግዴታ የለበትም፤ ይህን በ1973 ፈረዱ። ስልክን ግን በ2014 ማዘዣ ያስፈልገዋል አሉ፤ የታሰረ ሰው ስልክ እንኳ። ስለዚህ የሐይቅ ዳር ልጅ፣ መኪናው ሳይሆን ስልኩ የከፋህ አንተን ብቻ አይደለም።

አሁን የራሴን ላውራ። አንድ ማታ ከኤርፖርት የተላከልኝን ዕቃ ተቀብዬ ስመለስ አስቆመኝ። የኋላ መብራቴ አንዱ አይሠራም። ወንበሩ ላይ እናቴ የላከችው በርበሬ አለ። አምስት ኪሎ፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ በፕላስተር ዙሪያውን የታሸገ። እናቶች እንዴት እንደሚያሽጉ ታውቃላችሁ፤ በፊልም ላይ የሚታየውን ነገር ነው የሚመስለው። «ልይ?» አለኝ። አይሆንም ማለት እንደምችል አውቃለሁ። ስንት ቪዲዮ አይቻለሁ፣ ለጓደኞቼም መክሬያለሁ። አፌ ግን እሺ አለ። ቀደደና አፍንጫውን አስጠጋ።

ሲያነጥስ ባትሪው ከእጁ ወደቀ።

ባለ ሦስት እግር
ሰኞ፣ ማታ 4:58

እንዲህ የሚያደርገው የእኛ ሠፈር በርበሬ ነው። የት ነው ያስፈጩት?

ጡረተኛው
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:50

ፖሊስ ነበርኩ፤ ረዥም ዓመት። አሁን ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ አሳ ነው የምበላው። ከትናንት ጀምሮ ትቻለሁ፤ በዚህ ላይ እንዳትከራከሩኝ።

ስኮርት ለምን እንደሚነሣ ልንገራችሁ። ሽጉጥና ጥይት እዚያ ስለሚደበቅ ነው። በር ልባስ ውስጥም፣ እህል ማዳበሪያ ውስጥም ይገባል። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ያንን ካላየህ ምን ልታይ ቆምክ? ማታ መኪና ስታስቆም የምታየው መብራቱን ነው። ከመብራቱ ኋላ እናትና ጠበል ይኑር ሌላ ነገር ይኑር አታውቅም። እኔን አንድ ቀን አንዱ አልቆም ብሎ በጎኔ አልፏል። የጎን መስተዋቱ ካፖርቴን ያዘው። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ከዚያ በኋላ ያስቆምኳቸውን ሰዎች በክፉ ዓይን ነው ያየሁት፤ አልዋሽም።

ይህን ብዬ ልጁ ፌስታሏን አለመመለሱ ጥፋት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ቀላል አይደለም። ዕቃን እንዳገኘህበት መልስ። የባጃጁም ወንበር እንደዚያው። ስልክ በእኛ ጊዜ አልነበረም። ያ ትልቁ ሰውዬ «ይቺ ማናት» ያለው ግን ለሥራ አይደለም። ሳነበው አፈርኩ።

መዝገብ ቤት
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:20

ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን አንድ ልጠይቅዎ። የሚፈትሹት የጠረጠሩትን ነበር ወይስ ያገኙትን ሁሉ?

ጡረተኛው
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:31

ማታ ሁሉም ያጠራጥራል፣ ልጄ።

መዝገብ ቤት
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:33

እኔም የምለው እሱን ነው።

የሐይቅ ዳር ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:05

ሁሉንም አነበብኩ። የሜሪላንዱን ወንድሜን ካነበብኩ ወዲህ ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ።

ትናንት «ስልኬን አየ» ብዬ አለፍኩት። እንዴት እንዳየው አልጻፍኩም። ሰውዬው ክፈት አላለኝም። «ስልክህስ?» ነው ያለኝ። በቃ ይቺን ብቻ። በዚያ ሰዓት የሚያገላብጠው የሊብሬውን ኮፒ ነበር። እኔ በጣቴ ከፍቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ማንም ሳያስገድደኝ። እንዲያውም የስክሪኑን ብርሃን ጨመርኩለት። በደንብ እንዲያይ!

አሁን ማንን ልክሰስ? ሁለት ቀን ሙሉ ስልኬን ነጠቀኝ ብዬ ነው ለጓደኞቼ የማወራው።

መዝገብ ቤት
ማክሰኞ፣ ማታ 2:25

ራስህን ብዙ አትውቀስ። ጨለማ ነው፣ መሣሪያ ታጥቋል፣ መታወቂያህ እጁ ላይ ነው፣ እናትህ ብርድ ላይ ቆማለች። እንዲህ ሆኖ የተሰጠን ነገር እኔ ፈቃድ አልለውም። ወረቀት ላይ ሲጻፍ ግን «በፈቃዱ አሳየ» ነው የሚባለው፤ ይህንንም እወቀው።

በሚቀጥለው ጊዜ «ለአጎቴ ልደውልልህ?» በለው። ራስህ ደውል፣ ድምፁን ከፍ አድርግ፣ ስልኩ ግን ከእጅህ አይውጣ።

ጡረተኛው
ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

ደውልልኝ ማለቱ ነበር። በሌላ ሰው ስም ሊብሬ ስናይ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ቢሆንም ከፍተህ ከሰጠኸው በኋላ ጋለሪ የገባው እሱ ነው። አጎትህ ጋለሪ ውስጥ አይኖርም።

እምቦጭ ነቃይ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:52

ብርሃኑን ጨመርኩለት ያልከው ላይ ሳቅኩ፤ ከዚያ አልሳቅኩም። እኔም ቦርሳዬን ሳልጠየቅ ዚፑን ከፍቼ ነው የሰጠሁት።

ቆሮሶ
ማክሰኞ፣ ማታ 3:00

እማማስ ምን አሉ?

የሐይቅ ዳር ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 3:15

ሁሉንም አነበብኩላት። አንቀጹ አልገባኝም አለች። የበርበሬውን ሁለቴ አስነበበችኝ። እሷን ያናደዳት ፌስታሉ ነው። ያለ ፌስታል የተገጠመው ክዳን ሌሊቱን አንጠባጥቦ የአጎቴ መኪና ኋላ ምንጣፉ ርሷል። አጎቴ ጠዋት መጥቶ «ምን አፈሰሳችሁበት?» ሲል «ተባረከልህ» ብላ መለሰችለት። ልጅቷን ደግሞ ቅዳሜ አምጣት ተብያለሁ።

ባለ ሦስት እግር
ማክሰኞ፣ ማታ 3:22

ከጠበሉ የተረፈ አለ? ሃይላንድ ይዤ ልምጣ። ያቺን በሽቦ የታሰረች ወንበር ብረጫት ይሻላል።

የሐይቅ ዳር ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 3:24

አለ። ና። ግን በቀን።